ስብሰባችን ላይ ኮሮና ነበር፤ ልናገር ወይስ ምርጫው ይለፍ?

የምክር ዓምድ፣ መጋቢት 2013

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ32 ዓመት መምህር ነኝ። ከቢቸና ብዙም በማይርቅ ወረዳ ለክልል ምክር ቤት በግል እየተወዳደርኩ ነው። ገንዘብ የለኝም፤ ያሉኝ 11 በጎ ፈቃደኛ ልጆችና አንድ የተዋስነው ሞንታርቦ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ 80 የሚሆን ሰው ሰብስበን ነበር። ውጭ ነፋስ ስለነበር መስኮቱን ዘጋነው። 2 ሰዓት ተኩል ያህል ቆየን። ማይኩን ለጠያቂዎች ሲያቀብል የነበረው ልጅ እሑድ ማታ አተኮሰው፤ ማክሰኞ ተመርምሮ ኮሮና ተገኘበት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ልጆቹ ‹ምርጫው ግንቦት 28 ነው፣ እስከዚያ ዝም እንበል፣ ከታወቀ አለቀልን፣ ሌሎቹ ሜዳ ሙሉ ሰው ሲሰበስቡ ማን ጠየቃቸው› ይላሉ። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ስብሰባው ላይ ሁለት አረጋውያን ቄሶች ነበሩ። ቡና ያፈላችልን ሴትዮም አስም አለባት። ሌላም ጥያቄ አለኝ። ማስክ አድርጌ ሰው ቤት ስሄድ ‹ኮራብን› ይሉኛል። ሳልጨብጥ፣ ሳልስም እንዴት አድርጌ ነው ጎጃም ውስጥ ድምፅ የምጠይቀው? ግራ የገባኝ ዕጩ፣ ከምሥራቅ ጎጃም።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ የደረሰኝ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። ካንተ በፊት ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው ይቅር ይበሉኝና ያንተን አስቀድሜያለሁ። የእነሱ ጉዳይ ሳምንት ቢቆይ ችግር የለውም። ያንተ አንድ ቀንም መቆየት የለበትም።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ንገራቸው። ለ80ዎቹም። ዛሬውኑ ጀምር።

ለምን ዛሬ እንዳልኩህ ላስረዳ። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ምልክቱ የሚታይበት ከ2 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአምስተኛው ቀን አካባቢ። ክፋቱ ደግሞ ምልክቱ ከመምጣቱ ሁለት ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ መቻሉ ነው። እንግዲህ ቁጠር። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የተያዘ ሰው ካለ፣ ዛሬና ነገ ምንም ሳያመው፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ ሌላ ሰው የሚያስይዝበት ቀን ነው። ከነገ ወዲያ ገበያ ይወጣል። እሑድ ቅዳሴ ይሄዳል፤ ሁዳዴ ነውና ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል፣ ከዚያ ሰንበቴ አለ፣ ምናልባትም ለቅሶ አለ። ቄሶቹ ደግሞ ብዙ ሰው እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል ይሳለማል። ‹ግንቦት ድረስ ዝም እንበል› የሚሉህ ልጆች ይህን ሁሉ አልቆጠሩትም። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ስለሚወዱህና ስለፈሩ ነው።

እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። ይህን በዚህ ዓምድ ጽፌው አላውቅም። በ2012 ሐምሌ ደብረ ማርቆስ አጎቴ አርፎ ለቅሶ ሄድኩ። ጉሮሮዬን ትንሽ ይከረክረኝ ነበር፤ የመንገድ አቧራ ነው አልኩ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ያገኘሁትን ሁሉ እያቀፍኩ አለቀስኩ። ከተመለስኩ በኋላ ተመርምሬ እንዳለብኝ ሲነገረኝ፣ ስልኬን ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ። አፈርኩ። ‹ይህቺ ናት በሽታ ይዛ ለቅሶ የመጣችው› የሚለው ወሬ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ፤ ያኔ በኮሮና የተያዘ ሰው እንደ ወንጀለኛ እንደሚታይ ታስታውሳለህ። በሦስተኛው ቀን ስደውል አክስቴ ማሳል ጀምራለች። ብርድ ነው ብላ ፌጦ እየጠጣች ነው። ቀድሜ ብደውል አትያዝም ነበር አልልም፤ ያኔ ተይዛለች። ግን እነዚያን ቀናት በፌጦ ባላሳለፈቻቸው ነበር፤ የልጅ ልጆቿን ከጎኗ ባላስተኛች ነበር። 3 ሳምንት ኦክስጅን ላይ ነበረች። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ዛሬ ግን ከጓሮ ጎመን ቀጥፋ ቤት እስክትገባ ሁለት ጊዜ ቁጭ ትላለች። ቁጭ ስትል ባየኋት ቁጥር እነዚያን ሁለት ቀናት አስባለሁ።

አንተ ገና ቀን አለህ። ስለዚህ ቶሎ በል።

አነጋገሩ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርግ። የታመመውን ልጅ ስም አትጥራ። አገሩ ትንሽ ነው፣ ሰው ምናልባት ገምቶ ይደርስበታል፤ ቢሆንም ካንተ አፍ አይውጣ። መጀመሪያ ለራሱ ደውልለትና ‹ስምህን ሳልጠራ ለሰዎቹ ልነግራቸው ነው› በለው። ሕመም ላይ ሆኖ ይህን ከሌላ ሰው ቢሰማ ልቡ ይሰበራል። ስንቅ ይድረሰው፤ ስልክ አይጠፋበት፤ እናቱ ‹ልጄን ጣሉት› እንዳትል። ከዚያ ልጆችህን በስልክ አግኛቸውና እያንዳንዱ በሚያውቀው ጎጥ ማን ማን እንደመጣ ያስታውስ። የተሟላ ዝርዝር ላይኖራችሁ ይችላል። 70ው ከተገኘ እነሱ ቀሪዎቹን ያስታውሷችኋል።

ስትደውል ንግግር አታብዛ። ‹ቅዳሜ አዳራሽ ከነበርነው አንዱ ኮሮና ተገኝቶበታል። መስኮቱ ተዘግቶ ነበር፣ ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔም ቤቴ ገብቻለሁ። እርስዎም ከሚመጣው ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ እስካለው ቅዳሜ ድረስ ሰው መሐል ባይገቡ። ካተኮስዎት፣ ካሳለዎት፣ ከሁሉ በላይ ትንፋሽ ካጠርዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሩኝ።› ይኸው ነው። ስለ ምርጫ አንድም ቃል አታንሳ። የምርጫ ምልክትህንም አትጥቀስ። ይህ የቅስቀሳ ስልክ አይደለም፤ ሰውየው ከድምፅህ ያውቀዋል።

ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም ዛሬ አሳውቅ፤ ዝርዝሩን ስጣቸው። ንክኪ ያላቸውን ሰዎች መከታተል ሥራቸው ነው። ስልኩ አልነሳ ካለ 8335 ነፃ መስመር አለ። የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አትርሳ፤ የትኛው ቤት ውስጥ ማን ስኳር፣ ማን ግፊት፣ ማን አስም እንዳለበት ካንተም ከእኔም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ስልክ ለሌላቸው ደግሞ በዕድር በኩል መልእክት ይድረስ። ጥሩምባ ነፊው ግን ‹ኮሮና ገባ፣ ሽሹ› ብሎ እንዳይለፍፍ ቃሉን ጽፈህ ስጠው።

‹14 ቀን ቤቴ ከተቀመጥኩ ማን ያርስልኛል› የሚልህ ገበሬ ይኖራል። እውነቱን ነው። የመጋቢት እርሻ እኮ አይጠብቅም። እንደ ከተማ ሰው ‹ቤትዎ ይቀመጡ› ብለህ አትዝጋው። ብቻውን በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ላይ ቢውል ማንንም አይጎዳም። የሚቀረው ደቦው ነው፣ ገበያው ነው፣ አንድ ዋንጫ እያዞሩ ጠላ መጠጣቱ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ መደቡ ለብቻ፣ ሳህንና ብርጭቆው ለብቻ፣ መስኮቱ ክፍት። እንዲህ ብለህ ስትነግረው ኑሮውን እንደምታውቅ ይገባዋል።

አንተም ገብተህ ተቀመጥ። ደብዳቤህ ላይ ይህን አላነሳኸውም። አንተም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበርክ፤ ልጁ ማይኩን መጀመሪያ የሰጠው ለአንተ ይመስለኛል። 5 ቀን አልፏል፣ 9 ይቀርሃል። ትምህርት ቤትህም ይወቅ። ግንቦት 28 ከሁለት ወር በላይ አለው፤ 9 ቀን አያጠፋህም። በነዚህ ቀናት 80ውን ሰው በየሁለት ቀኑ እየደወልክ እንዴት አደራችሁ በል። በቂ ሥራ ነው።

ድምፅ ታጣለህ? ልታጣ ትችላለህ። አላባብልህም። ‹በሽታ ያመጣብን› የሚል ይኖራል፣ ወሬውን የሚያራግብም አይጠፋም። ነገር ግን ዝም ብትል የሚሆነውን አስብ። ልጁ የት እንደነበረ አገር ያውቃል። ከሁለቱ ቄሶች አንዱ ቢታመም፣ እግዚአብሔር አያድርገውና ቢሞት፣ ‹ሐሙስ ያውቅ ነበር› የሚባለው ቃል ከአንተ ጋር ይኖራል። በምርጫው ብታሸንፍም ይኖራል። ደግሞ ጎጃም ነህ፤ ሰዉ ሰምና ወርቅ የሚለየው ቅኔ ቤት ገብቶ ብቻ አይደለም። የተደበቀ ነገር ጠረኑ ይደርሰዋል።

‹ሌሎቹን ማን ጠየቃቸው› ለሚሉህ ልጆች አንድ ነገር ንገርልኝ። የማሌዥያዋ ሳባህ ግዛት መስከረም 16 ቀን 2013 የራሷን ምክር ቤት መረጠች፤ ልክ እንደናንተ የግዛት ምርጫ ነው እንጂ የአገር አቀፍ አልነበረም። ከየአቅጣጫው ፖለቲከኛውም ቀስቃሹም ወደዚያ ሄደ፣ ተሰበሰበ፣ ተጨባበጠ፣ ከዚያ ወደየመጣበት ተመለሰ። በሽታው አብሯቸው ተመለሰ። ከዚያ በፊት በሽታውን በደንብ ተቆጣጥራው የነበረችው አገር ከምርጫው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትልቅ ማዕበል ውስጥ ገባች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትርም ምርጫው አንዱ ምክንያት መሆኑን አምነዋል። እኛም ብንሆን ይህንን ምርጫ አንድ ጊዜ ያራዘምነው በዚሁ ምክንያት ነው። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊደረግ ታስቦ መጋቢት 22 ላይ ቦርዱ በኮሮና ምክንያት አይቻልም አለ። ታዲያ ለሕዝቡ ጤና ተብሎ የተራዘመ ምርጫ ራሱ በሽታ አከፋፋይ ሲሆን ዝም ብሎ ማየት ያማል። ሆስፒታሎች በዚህ ወር ምን እንደመሰሉ ዜና ትሰማለህ፤ ኦክስጅን ወረፋ ሆኗል።

ክትባት ገብቷል፣ አውቃለሁ። መጋቢት 4፣ የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ከተገኘ ልክ በዓመቱ መሰጠት ጀምሯል። ግን ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ነው፤ የአንተ መራጮች እስከ ግንቦት ክትባት ያገኛሉ ብለህ አትቁጠር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ‹ኮራብን› ያሉህን ሰዎች በደንብ እረዳቸዋለሁ። እኛ አገር ሰው የሚቀበልህ በጉንጩ ነው፤ ትከሻ ነው፣ እጅ ነው። ፊቱን ሸፍኖ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ቂም ያለው ይመስላል። ነገር ግን ሌላ ሰላምታም አለን። እጅ መንሳት የአያቶቻችን ነው። ከበር ላይ ቆም ብለህ፣ ባርኔጣህን አውልቀህ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ከወገብህ ዝቅ በል። ይህን አይቶ ኮራ የሚል የጎጃም ሽማግሌ አላውቅም። ከዚያ ምክንያቱን በአፍህ ንገራቸው። ‹እናቴ፣ ልስምዎት ፈልጌ ነበር፤ ዛሬ ግን 10 ቤት ዞሬያለሁ፣ ምን ይዤ እንደመጣሁ አላውቅም፣ እርስዎን እንዳላሳምም ነው።› የምትጠነቀቀው ለራስህ ሳይሆን ለእሳቸው መሆኑን ሲሰሙ ነገሩ ይገለበጣል። አንዳንዷ እናት እንዲያውም ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ከፍ ታደርጋለች።

ቡና ሲሉህስ? እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ እኔም እምቢ በል አልልህም። ‹ደጅ እንቀመጥ› በል። ጥላው ሥር፣ በረንዳው ላይ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለህ ጠጣ። ቤት ውስጥ ጭስና እንፋሎት በሞላበት ጎጆ 8 ሰው ተጠጋግቶ ከመቀመጥ ደጁ እጅግ ይሻላል። አንዲት ነገር ግን አጥብቄ እለምንሃለሁ። ማስኩን ለፎቶ አድርገህ ጠላ ቤት ስትገባ አታውልቀው። ሰው የሚያየው ፎቶውን ሳይሆን ጠላ ቤቱን ነው።

አንዳንዶች ‹ጸሎት ይበቃናል› ይሉሃል። አትከራከራቸው፣ በሃይማኖት ነገር ገብተህም አትመልስ። በ2012 ሰሙነ ሕማማትና ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ምእመናኑ በየቤታቸው ሆነው እንዲጸልዩ ማዘዟን ብቻ አስታውሳቸው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለውም በ1911 የኅዳር በሽታ ካለቀው ሰው የተነሳ መሆኑን ሽማግሌዎቹ ከአባቶቻቸው ሰምተውታል፤ ጠይቃቸው፣ ይነግሩሃል። ሲያወሩህ እነሱ ራሳቸው መልሱ ላይ ይደርሳሉ።

ከዚህ በኋላ አዳራሽ የሚባል ነገር እርሳው። ሞንታርቦህን ባጃጅ ላይ ጫነውና በየመንደሩ አዙረው። ሰዉ በየደጁ ሆኖ ይሰማሃል። ሰው ካሰባሰብክ ዋርካ ሥር፣ ሜዳ ላይ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ለግማሽ ሰዓት። አንድ መቶ ሰው አንዴ ከምትሰበስብ አሥር አሥሩን አሥር ጊዜ አግኝ። ይደክምሃል። ግን 10 ሰው ሲሆን ይጠይቁሃል፤ 100 ሲሆኑ ያጨበጭቡልሃል እንጂ አይጠይቁህም። ማይኩን እጅ ለእጅ አታዙረው፤ ጥያቄውን ሰምተህ አንተው ድገመው። መግቢያው ላይ ቧንቧ ያለው ጄሪካንና ሳሙና ይኑር፤ የመጣውን ሰው ስምና ስልክ የሚይዝ ደብተርም ይኑር። ያ ደብተር ዛሬ ቢኖርህ ኖሮ የትኛው ጎጥ ማን መጣ እያልክ አትጨነቅም ነበር። በመስከረም 2013 የወጣው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 30 ማስክን ግዴታ ያደርጋል፣ መጨባበጥን ይከለክላል፣ መራራቅን ያዛል፤ ስለ ስብሰባም የሚለው ስላለ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጠይቀህ ጀምር። የት የት መቀስቀስ እንደማይቻልም የምርጫ ክልልህን ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ክልክል ነው፤ ገበያ መሐል ከመቆምህ በፊትም አጣራ።

ማስክ ለሕዝብ ማደል እንዳሰብክ ገምቻለሁ፤ ብዙ ዕጩ ያስበዋል። ለልጆችህ ግዛላቸው፤ ለእነሱ ይገባቸዋል። ለመራጩ ግን ምልክትህን አትመህ አታድል፤ ከመደለያ ጋር ይቀላቀልብሃል። መርዳት ከፈለግህ ለጤና ጣቢያው ያለ ስም ስጥ።

ተፎካካሪዎችህን በተመለከተ፣ ሜዳ ላይ የሰበሰቡትን ሰው እየጠራህ በሞንታርቦ አትሳደብ። ይልቅ ከ9 ቀን በኋላ ስትወጣ፣ የሚከበር አንድ ሽማግሌ ይዘህ ዕጩዎቹን ሁሉ አነጋግር። በዚህ የምርጫ ክልል አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ አናደርግም፣ ከመካከላችን ሰው ከታመመብን በዚያው ቀን እንናገራለን፣ የሌላውን ሕመምተኛም ለቅስቀሳ አንጠቀምበትም ተባባሉ። ሁሉም ላይስማማ ይችላል። አንዱ ከተስማማ ያ ሁሉ ሰው ከአንድ አዳራሽ ተረፈ። አንተ ደግሞ ስለ ራስህ ስብሰባ ቀድመህ የተናገርክ ሰው ስለሆንክ ፊት ለፊት ልታያቸው ትችላለህ።

አሁን ይህን ማንበብ ተውና ስልክህን አንሳ። ከማን ልጀምር ካልክ፣ ቡና ካፈላችላችሁ ሴት ጀምር። አስም አለባት፣ ረከቦት ፊት ተቀምጣ ለ80 ሰው ስታቀብል ከሁሉም ጋር ተነካክታለች፣ ሲኒውንም ያጠበችው እሷ ናት። ስልክ ከሌላት ማስክህን አድርገህ እስከ አጥሯ ሂድ። ግቢ አትግባ። ከውጭ ሆነህ ጥራት፣ ስትወጣ እጅ ንሳት፣ ከዚያ ንገራት።